እርማት፦ ያ ሥዕል ፎቶ አይደለም
አብሽር ወንድሜ፣ «እ.ኤ.አ. በ1995 በቴሌስኮፕ የተነሳ የሩቅ ፕላኔት ፎቶ» ያልከው የሠዓሊ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕላኔቷን ያገኙት የስዊዘርላንድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ ጭራሽ አላዩዋትም፤ የመረመሩት የምትዞራትን ኮከብ የ51 ፔጋሲን ብርሃን ነው። የጁፒተርን ክብደት ቢያንስ ግማሽ ያህል የምትመዝነው ፕላኔት በ4.2 ቀን አንዴ እየዞረች ኮከቧን ወዲያና ወዲህ ትስባታለች። ኮከቧ ወደኛ ስትመጣ ብርሃኗ በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ስትርቅ ወደ ቀይ ያደላል። ይህ የኮከቧ እንቅስቃሴ በሰከንድ 55 ሜትር ገደማ ነው (የሐረጎን ቁልቁለት የሚበር ሚኒባስ እንኳ አይደርስበትም)። ኮከቧን ራሷን ማየት ካማረህ፣ በጥቅምት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከደሴ መብራት ራቅ ብለህ ጦሳ ተራራ ላይ አንጋጥ፤ 51 ፔጋሲ በጭንቅም ቢሆን ትታያለች።