«በነፋስ ተሰበረ ነው የምትለኝ?»

አሁን ከመርካቶ መግባቴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ይህን ካልጻፍኩት ሌሊቱን ሙሉ ከጣሪያው ጋር ስከራከር አድራለሁ።

ያቺን የአየር ጠመንጃዬን ታውቋታላችሁ። በየበዓሉ ልጆቻችሁ ፊኛ ሲያፈነዱባት እናንተ ከልጆቹ ብሳችሁ ተራ የምትሻሙባትን ማለቴ ነው። ሰደፏ ከተሰነጠቀ ወዲህ በሽቦ ታስራ ነው የኖረችው። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ አዲስ ሰደፍ ይሠራላት፣ የማነጣጠሪያ መነጽርም ይገጠምላት አልኩ። ይኸው ነው ወንጀሌ!

መነጽሩን የሸጠልኝ ሰው ስገዛው «ይህ የእውነተኛ ጠመንጃ ነው፤ ለልጅህ ታወርሰዋለህ» ብሎኝ ነበር። የወረሰው የለም። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ውስጡ ያለው የመስቀል መስመር ተገነጠለና ወደ አንድ ጎን ተጋደመ። ዛሬ ጠመንጃዋንም መነጽሩንም ይዤ ሄድኩ፤ ዓይቶ ያምናል ብዬ።

በመጀመሪያ ግን ኬላ አለ። ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው የያዝኳት። «ይህ ምንድን ነው?» ተባልኩ፤ ነገርኳቸው። «ውረድ! እጅህን ወደ ላይ!» ከሱሉልታ የተነሳው ሚኒባስ ሙሉ ተሳፋሪ እኔን ሲጠብቅ፣ አንዱ ሲያጉረመርም፣ ሌላው «ሥራ ረፈደብን» ሲል፣ እኔ እጄን ሰቅዬ ቆሜያለሁ። በርሜሏን አጥፈው ዓዩ፣ አሸተቱ፣ ተሳሳቁ፣ ለቀቁኝ። ረዳቱ ደግሞ «ለጥቅሉም የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምር» አለኝ። ጨመርኩ። ምን አደርጋለሁ?

ሱቁ በሰው ተሞልቷል። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምን ሆነ?»

«ሲተኮስ ተሰበረ።»

«በምን ጠመንጃ?»

«በአየር።»

ሰውየው መነጽሩን አገላብጦ ዓየው። ከዚያ ድምፁን ለሱቁ ሁሉ ከፍ አድርጎ «ወንድሜ፣ ጎሽ የሚጥል ጠመንጃ ላይ የሚቀመጥ መነጽር በነፋስ ተሰበረ ነው የምትለኝ?» አይል መሰላችሁ! ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባትሪ ሊገዙ የመጡ አንዲት እናት ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔም በሚስቅ ሰው ፊት ፊዚክስ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ስማኝ፤ ባሩድ ያለው ጠመንጃ ወደ ኋላ ነው የሚራገጠው። ይቺ ባለ ሞላ ናት። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ጠመንጃዋ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ትነጥራለች። ተራ መነጽር የኋላውን እንጂ የፊቱን እንዲችል ሆኖ አልተሠራም፤ ለባለ ሞላ ጠመንጃ ለብቻው የሚሠራ መነጽር አለ...»

ከጥግ የቆመ አንድ ጎረምሳ «ለወፍ ነው?» አለ።

ባለ ሱቁ «ወፏ ትሆናለች የሰበረችው» አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል? በሰበርኩት መነጽር ጫፍ ግድግዳውን ጠቆመኝ። ጥጉን አይጥ የበላው ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ጠመንጃዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ኬላ ላይ የጦር መሣሪያ፣ ሱቅ ውስጥ የሕፃን መጫወቻ! አንዱን ምረጡልኛ!

ደግሞ እኮ ቢሠራም አይረባም ነበር። መነጽሩ የተስተካከለው ለ91 ሜትር ገደማ ነው። ፊኛዎቼ ያሉት 10 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ስመለከት ፊኛው ሳይሆን ጭጋግ ነው የሚታየኝ። መነጽሩን ጠመንጃው ላይ የሚያስረው መያዣም ቢሆን 21 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ሐዲድ የተሠራ ነው፤ የኔ ጠመንጃ ጀርባ ላይ ያለው ቦይ 11 ነው። «ይገባል፣ ትንሽ ጠበቅ አድርገው» ነበር ያለኝ። ምናለሽ ተራ አንድ ብረት ሠራተኛ ነው ሳይስቅ፣ ሳይጠይቅ ልኩን ለክቶ፣ ሞርዶ ማገናኛ የሠራልኝ። በዚህ ከተማ አንድ ሰው ከተገኘ እሱ ነው።

ወደ ሰደፉ ልምጣ። ጋሼ አናጺው! የእናቴን በር ገልብጠው ገጥመው ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ያስጠጡን ጋሼ! «ዋንዛ ይሁን፣ ደረቅ ይሁን» ብዬ ለመንኳቸው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ቫርኒሽ ቀብተው ሰጡኝ። ሳምንት ሳይሞላው ተጣመመ። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ 34 ሴንቲ ሜትር ብዬ ካርቶን ቆርጬ ሰጥቻቸዋለሁ፤ 40 አድርገው እንደ ዘነዘና አወፈሩት። «ጋሼ፣ ልጆቹ ምላጩ ላይ አይደርሱም እኮ» ስላቸው «ለግርማ ሞገስ ጨመርኩበት ልጄ» አሉኝ። ይህም ይሁን። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ የሚሞላው በርሜሉ ወደ ታች ሲታጠፍ ነው፤ ያኔ ሞላውን የሚገፋው ዘንግ የሚሄድበት ቦይ ከሰደፉ ሆድ ሥር አለ። ጋሼ ያንን ቦይ ደፍነው ሠሩት። ለምን? «አቧራ ይገባል ብዬ።» ጠመንጃዋ አትታጠፍም፣ አትሞላም፣ አትተኩስም። አቧራ ግን አይገባባትም!

ጠመንጃዋን ወደ አሮጌው ሰደፏ መልሼ፣ አዲሱን ቦዩን ይክፈቱልኝ ብዬ መለስኩላቸው፤ «መብራት ሲመጣ» አሉ። መብራቱ መጥቷል፤ እሳቸው ለቅሶ ሄደዋል።

«ለመጫወቻ ይህን ያህል?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ባለፈው አንዳችሁ ጽፋችኋል። በዚህችው መጫወቻ፣ በ4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጀምሮ ሜዳሊያ ይሰጣል። ከ10 ሜትር ርቀት የሚመታው አሥር ቁጥር ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ የሚያጎላ መነጽር አይፈቀድም ትሉኝ ይሆናል። አዎ አይፈቀድም፤ የእነሱ ዓይን የሃያ ዓመት ነው!

በነገራችን ላይ፣ ስታችሁ ስታችሁ «ጠመንጃዋ ጠማማ ናት» እያላችሁ ሳትከፍሉ የምትሄዱ የሠፈር ጎረምሶች፣ ጥይቷ ግማሽ ግራም ገደማ ናት። የሱሉልታ ነፋስ ይገፋታል። እናንተን ደግሞ ጠላው። ያለፈው መስቀል ሒሳብ አሁንም አልተከፈለኝም፤ ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ለባለ ሞላ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር፣ 10 ሜትር ላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ፣ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ደረቅ ዋንዛ ያለውም እንዲሁ። «ለወፍ ነው?» ብሎ የሚጽፍልኝን ግን ዛሬ ማታውኑ አግደዋለሁ፤ የአክስቴ ልጅም ቢሆን።