ፈሪሃ እግዚአብሔር ለሥነ ምግባር ዋስትና ይሆናል?

አንዲት የደሴ ፋርማሲስትና አንድ የኮምቦልቻ ጡረተኛ መምህር በጽሑፍ ተከራክረዋል። እሷ ሃይማኖት ለመልካም ምግባር አስተማማኝ መሪ ነው ትላለች። እሳቸው አይደለም ባይ ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ ትተነዋል።

ፋርማሲስቷ፦ ከሥራዬ ልነሳ። መደርደሪያዬ ላይ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ቀረ እንበል። ካርቶኑን ጥዬ ፍሬውን በፌስታል ብሰጥ ከገጠር የመጡት እናት በምን ያውቃሉ? ተቆጣጣሪ ሁሌ ከጎኔ አይቆም። እጄን የሚይዘው "አላህ ያያል" የሚለው ነው።

በሞሮኮዋ ማራካሽ ባለሱቆች ላይ የተሠራ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ገንዘብ ለራሳችሁ ውሰዱ፣ ወይም ተካፈሉ፣ ወይም ሁሉንም ለበጎ አድራጎት ስጡ ተባሉ። አዛን እየተሰማ የተጠየቁት በሙሉ ሁሉንም ሰጡ። አዛን በሌለበት ሰዓት ግን እንዲያ ያደረጉት ከ10 ስድስት ያህሉ ናቸው። በአዛንና በደወል መሀል ላደገ የደሴ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም።

መምህሩ፦ ልጄ፣ እኔ ከማያምን ሰውም መድኃኒት እገዛለሁ። ካርቶኑን አይቼ ነው ታዲያ። ከሚያምነውም እንደዚያው።

ጥናትሽ ደግሞ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። አዛን የሰሙትም ያልሰሙትም ያው የአንድ ገበያ ሰዎች ናቸው፣ እምነታቸውም ያው። ድምፁ ከሌለ ልግስናው ከቀነሰ ምኑን አስተማማኝ ሆነ? ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚለውሰው ነጋዴም እኮ ጾም አይገድፍም።

እኔም አንድ ልጨምር። በ1973 እ.ኤ.አ. ዳርሊና ባትሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ውስጥ የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ፈተኑ። ተማሪው ንግግር ሊያደርግ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄድ መንገዱ ላይ የሚያስልና የሚያቃስት ሰው ያገኛል። የግማሾቹ ንግግር ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር፤ ጉድ እኮ ነው! ጊዜ አለህ ከተባሉት 63 በመቶው ረዱ። ረፍዶብሃል ፍጠን ከተባሉት የረዱት 10 በመቶው ብቻ። የሃይማኖተኝነታቸው ዓይነት ማን ቆሞ እንደሚረዳ አላሳየም። የለየው ጥድፊያ ነው።

ወደ ደጃችን እንምጣ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። ከዚያ ወዲያ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። እምቢ ያለው ተሰደደ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም ነበር። አፄ ዮሐንስ እምነት ጎድሏቸው ነው? እንዲያውም ጽኑ አማኝ ነበሩ። ያንን ሲያደርጉም እግዚአብሔርን ያገለገሉ ነው የመሰላቸው።

ፋርማሲስቷ፦ ጋሼ፣ ሰው ይረሳል፤ ይህን እቀበላለሁ። አዛን በቀን አምስቴ የሚጠራው ለዚሁ አይደል?

ቦሩ ሜዳን ካነሱ ግን ሙሉውን ያንሱት። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር አልጠመቅም ብለው የታገሉት በምን ተደግፈው ነው? በዚያው በእምነት። ሥልጣን የያዘ ሰው ያደረገውን ሁሉ ሃይማኖት ላይ አይጫኑብኝ።

የወሎን ሠርግ ደግሞ ያውቁታል። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርዳል። ቢላዋው ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው እንኳ እንዳይነካካ አንዲት ሴት ትቆማለች። ሙስሊሙ ሲደግስም እንደዚሁ። እሱ ራሱ የሚፈራው አምላክ ስላለው ነው የጎረቤቱን ፍርሃት የሚያከብረው። "ሥጋ ሥጋ ነው" የሚል ሰው ለጭልፋ ይጨነቃል?

መምህሩ፦ ሠርጉ ላይ ረታሽኝ ልበል? አልልም። ያ ሥርዓት የመጣው አብሮ ከመኖር ነው። ወንድም ሙስሊም፣ እህት ክርስቲያን የሆኑበት ስንት ቤት አለ! ሁለቱ መጻሕፍት በሌላ አገርም ይነበባሉ፤ ጭልፋ የሚጠበቀው ግን ሁሉም ዘንድ አይደለም።

ቅሬያችንን፣ የወሎውን እድር፣ እይው። ሬሳ ሲነሳ የሟች ሃይማኖት አይጠየቅም። ከቀብር የቀረ ግን ይቀጣል። ሰውን ቀጥ የሚያደርገው ይህ የጎረቤት ዓይን ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ቅሬ የሚቀጣው አባሉን ነው። ሳንቲም ያልከፈለ መንገደኛ ሲሞት ከፍነው የሚቀብሩትስ? እነሱን ማን ይቀጣቸው ነበር?

መምህሩ፦ ማንም። ግን መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ደርሶ የማያውቅ የሰፈራችን ጎረምሳ፣ እንዲህ ላለ መንገደኛ ጉድጓድ ሲቆፍር አይቻለሁ። እሱንስ ማን ላከው?

ፋርማሲስቷ፦ እናቱ ናት የምትልከው ጋሼ። እሷን ማን እንዳስተማራት ቤቷ ሄደው ይጠይቁልኝ።