ማስተካከያ፦ ዮኩልሳርሎን ከሬይክያቪክ ሁለት ሰዓት ተኩል አይደለም

ስለ አይስላንድ የአንድ ቀን የግል ጉብኝት ብዙዎች የተጋሩት ጽሑፍ፣ የበረዶ ስባሪ የሚንሳፈፍበት ዮኩልሳርሎን ሐይቅ ከሬይክያቪክ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ይርቃል ይላል። ስህተት ነው። የአገሪቱ የመንገድ ባለሥልጣን የርቀት መረጃ እንደሚያሳየው መንገዱ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሳይቆሙ ቢነዱም መሄጃው ብቻ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሁለት ሰዓት ተኩሉ የሚያደርሰው ጥቁሩ አሸዋ እስካለበት የቪክ መንደር ነው።

ታኅሣሥ ላይ የቀን ብርሃኑ 5 ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ፣ ደርሶ መልሱ በአብዛኛው ጨለማ ውስጥ ነው። መኪናው የግል መሆኑ ይህን አይለውጠውም። በዚህ ወቅት የሚሄድ እዚያው አካባቢ ቢያድር ይሻለዋል።

ጽሑፉ ቪክ አጠገብ ስላለው ጥቁር አሸዋማ የባሕር ዳርቻ «ሬይኒስፍያራ ላይ ልጆች እግራቸውን መንከር ይችላሉ» የሚለውም ይታረም። መግቢያው ላይ ባለው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ቀይ መብራት ከበራ ወደ አሸዋው አይወረድም፤ ድንገት የሚመጣው ማዕበል ጎብኚዎችን ገድሏል።