ቅጣቱ የእሷ፣ ዋንጫው የእሱ

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ስፖርት ተንታኝ ስለ ሞተር ጀልባ ውድድር አጀማመር ሲያወራ እንግሊዛዊቷ የጀልባና የመኪና ተወዳዳሪ ዶሮቲ ሌቪት ላይ ደረሰ። «የኔፒየር መኪና ኩባንያ ጸሐፊ ነበረች፣ ዕድል ቀናት» ብሎ አለፋት። ያሸነፈችበት ዋንጫም የጀልባዋ ባለቤት የኤስ. ኤፍ. ኤጅ ነው አለን። ስሙ ተቀርጾበታላ! አለቀ፣ ደቀቀ።

አላለቀም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1903 የሃርምስዎርዝ ዋንጫ የሚባለው የሞተር ጀልባ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አየርላንድ፣ ኮርክ ወደብ ላይ ሲካሄድ ኔፒየር የተባለችውን ጀልባ መሪ የያዘችው ሌቪት ናት። ጀልባዋ የብረት ናት፣ ርዝመቷ 40 ጫማ። በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ገደማ በረረች። ዛሬ ባጃጅም ይሄን ያህል ይሄዳል። ያኔ ለሞተር ጀልባ ግን ጉድ የሚያሰኝ ፍጥነት ነበር።

«የባለቤቱ ነው» የሚለው ነገር ነው ደሜን ያፈላው። ከአራት ወር በኋላ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሌቪት ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በፍጥነት ስትነዳ ተይዛ ፍርድ ቤት ቀረበች። ያስቆማትን የፖሊስ ሳጅን በመኪና በገጨሁት ኖሮ ብላለች ተብሎም ተመሰከረባት (አፏም እንደ እግሯ ፈጣን ነበር)። 5 ፓውንድ ተቀጣች፣ ከ2 ሺሊንግ የፍርድ ቤት ወጪ ጋር። ዳኛው መኪናዋን የገዛው ማነው፣ እሱ ይምጣና ይክፈል አላለም። መሪውን ማን ያዘ? እሷ። በቃ፣ እሷ ትክፈል! ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው ዓመት። ስታጠፋ ሾፌር፣ ስታሸንፍ ጸሐፊ። ይሄ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

ኤጅም ቢሆን የባለቤትና የሾፌር ልዩነት አይጠፋውም። በ1902 የጎርደን ቤኔትን የመኪና ውድድር ራሱ ነድቶ ያሸነፈ ሰው ነው። ግን ነጋዴ ነው። የኔፒየር መኪና ይሸጣል፤ መሪ ላይ የተቀመጠች ወጣት ሴት ደግሞ ገበያ ትስባለች። ለማስታወቂያ ሲሆን ፊቷ ያስፈልጋል፤ ለዋንጫ ሲሆን ስሟ ይረሳል።

ዕድልማ ዕድል ነው እንበል። ታዲያ በዚያው በ1903 እንግሊዝ፣ ካውስ ላይ በጀልባ አሸንፋ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በመርከቡ የተቀበላትስ በዕድል ነው? በ1906 እዚያው እንግሊዝ፣ ብላክፑል ላይ መኪና በሰዓት 146 ኪሎ ሜትር ነድታ የሴቶችን ክብረ ወሰን የሰበረችውስ? የብሩክላንድስ የመኪና መወዳደሪያ በ1907 ሲከፈት ሴት ናት ብለው በር ዘጉባት። ዕድለኛ ናት ብለው ቢያምኑ ኖሮ ምን ያስፈራቸው ነበር? በ1922 በ40 ዓመቷ ስትሞት የሚያስታውሳት እንኳ ብዙም አልነበረም።

አውቃለሁ፣ ካምቤል ሙየር የሚባል ሰውም ጀልባዋ ላይ ነበር፤ መሪውን ሳይነካ አልቀረም የሚሉ አሉ። ነክቶ ከሆነ የሁለቱም ስም ይቀረጽ። ነሐስ ነው፣ ቦታ አያጣም።