ኩባንያው ሲቀየር መስመሩስ ይቀየራል?

ኑሮዬ እንግሊዝ አገር ነው። ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ እህቴ ቤት ስሰነብት የቤት ኢንተርኔት አቅራቢዋን ለመቀየር እያሰበች ስለነበር፣ በሁለቱ አገሮች ያስተዋልኩትን ልጽፍ ወደድኩ።

እንግሊዝ አገር ኢንተርኔት እናስገባለን የሚሉ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፤ ይሁንና አብዛኞቹ የሚሸጡት ኦፕንሪች የተባለው ድርጅት የዘረጋውን መስመር ስለሆነ፣ ሰው ኩባንያ ቀየርኩ ሲል ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ራውተሩና ሒሳብ የሚልክለት ክፍል ነው። እስከ መንገድ ዳር ሳጥን በፋይበር (መረጃን በብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ገመድ) መጥቶ ከዚያ እስከ ቤት በአሮጌ የመዳብ ሽቦ የሚገባውንም መስመር ለዓመታት «ፋይበር» ብለው ሸጠውታል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ ደንበኛው አዲሱን ኩባንያ ብቻ ካነጋገረ የቀድሞውን ውል የማቋረጡ ጣጣ የኩባንያዎቹ ሆኗል፤ ሽቦው ግን ያው ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ባሕር ዳር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስሞቹ ጥቂት ናቸው፤ ኢትዮ ቴሌኮም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም አለ። ነገር ግን አንዱን ትቶ ወደ ሌላው መሄድ የመገናኛውን ዓይነት ራሱን መለወጥ ሊሆን ይችላል። እህቴ ቤት ያለው በመደበኛ ስልክ ሽቦ የሚመጣ ነው። ይህ መስመር ለሚወርደው ሰፊ፣ ለሚላከው ጠባብ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ በቪዲዮ ስንነጋገር እሷ እኔን አጥርታ ታየኛለች፤ የእሷ ፊት ግን እኔ ዘንድ ይቆራረጣል። ያማራት ጎረቤቷ ያስገባችው፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው። ጎረቤቷ ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ከሲኒዎቹ ኋላ አስቀምጣው «ኔትወርክ የለውም» ስትል አገኘናት፤ አውጥተን ወደ ኔትወርኩ ማማ በሚያየው መስኮት ላይ ብናኖረው ቪዲዮው ሳይቆም ይከፈት ጀመር። ማታ ሰፈርተኛው ሲገባ ግን እንደገና ተንቀረፈፈ፤ የአንዱን ማማ አቅም የእጅ ስልኩም የቤት ራውተሩም ይጋሩታልና። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት መዘጋቱን የሚያስታውስ ቤተሰብ፣ ስልኩንም ቤቱንም በአንድ መረብ ላይ ማንጠልጠሉን ደግሞ ደጋግሞ ቢያስብበት ይሻላል።

ቴሌቪዥንን በተመለከተ የምቀናው በባሕር ዳሮች ነው። እንግሊዝ አገር ቴሌቪዥኑና ኢንተርኔቱ በአንድ ጥቅል ውል ሲታሰሩ ብዙ ጊዜ አንዱን ለብቻው ማንሳት ሌላውን ያናጋል፤ ያለ ዲሽ በኢንተርኔት ብቻ የሚመጣው ሥርጭትም እየተስፋፋ ስለሆነ መስመሩ ሲበላሽ ዜናውም ኳሱም አብሮ ይጠፋል። እህቴ ቤት ዲሹ ቆርቆሮው ላይ ራሱን ችሎ ቆሟል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ከምዕራብ ሰማይ ወደ ምሥራቅ ከማዞር በቀር የጠየቀው ነገር የለም፤ የኢንተርኔት አቅራቢ ቢቀየርም ባይቀየርም አይመለከተውም።

ለእህቴ የመከርኳት አሁን ያለችበትን ድርጅት ከመተዋ በፊት ፋይበር እስከ ግቢዋ መድረሱን እዚያው እንድትጠይቅ ነው፤ ደርሶ ከሆነ መቀየር የሚያስፈልጋት ሽቦው እንጂ ድርጅቱ ላይሆን ይችላል። የመላኪያውን ፍጥነት በቁጥር ትያዝ፤ የጎረቤቷንም ራውተር ተውሳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ በራሷ መስኮት ትሞክረው። ፋይበሩ ቤት ውስጥ የሚገባበት ሳጥንም መብራት ሲሄድ አብሮ ስለሚጠፋ፣ የመጠባበቂያ ባትሪውን ዋጋ ከወርሃዊው ክፍያ ጋር ደምራ ታስላ።