«ዲ መንገድ ነው፣ አትፍራ» ያለን ሰው ይፈለግልን

ኧረ በሕግ አምላክ! «በብስክሌት ፈረንሳይ ገጠር ግባ፣ ዲ (የዴፓርትማ፣ ማለትም የክፍለ ሀገር መንገድ) የሚል ቁጥር ያለውን ብቻ ያዝ፣ ከላም በስተቀር የሚያገኝህ የለም» የሚለውን ምክር ማን እንደጀመረው ይጣራልን። ይህን አምኖ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከካኦር ከተማ ወደ ሞንቶባን በዲ820 ብስክሌት ይዞ የወጣ ሰው፣ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና በጆሮው ስር ሽው ባለ ቁጥር መካሪውን መርገሙ አይቀርም። ዲ820 ማለት እኮ ስሟን የቀየረችው የድሮዋ ኤን20 ናት፤ ከፓሪስ ተነስታ እስከ ስፔን ድንበር የምትወርደው ብሔራዊ መንገድ። በ2004 የወጣው ሕግ ብዙ ብሔራዊ መንገዶችን ለየዴፓርትማው አስተዳደር አስረከበ፣ ከ2006 ጀምሮ ቁጥራቸው ተቀየረ፣ መኪናው ግን የትም አልሄደም። አጠገቧ ያለው ፈጣን መንገድ ኤ20 ደግሞ ክፍያ አለው፤ ክፍያ የሸሸ ሁሉ የት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። ዲ813ም ያው የድሮዋ ኤን113 ናት።

በመንገዱ ዳር ነጭ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ታያላችሁ። አናቱ ቀይ ከሆነ ኤን፣ ቢጫ ከሆነ ዲ ነው። ቢጫው የሚነግራችሁ መንገዱ የማን እንደሆነ ነው እንጂ ስንት መኪና እንደሚያልፍበት አይደለም! ባለ ሦስት አሃዝ ሆኖ በ8 ወይም በ9 የሚጀምር ዲ ካያችሁ መጀመሪያ ጠርጥሩ። ደግሞ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ላይ የምትለጥፉ ሰዎች ተው። እያንዳንዱ ዴፓርትማ የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ ድንበሩን ስትሻገሩ ብዙ ጊዜ ያው አስፋልት ሌላ ቁጥር ይዞ ይጠብቃችኋል። የመንደር ስም ጻፉ፤ መንደር ቁጥር አይቀይርም።

ሌላው ጉድ «ቱር ደ ፍራንስ የሄደበት መንገድ» እያሉ መምረጥ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲወዳደር፣ ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በ2024 ሦስት የዕለት ውድድር አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ በቴሌቪዥን ያየነው ባዶ መንገድ እኮ ለዚያ ቀን ለመኪና የተዘጋ ነው። በማግስቱ ወተት የጫነው ቦቴ ተመልሶ ይመጣበታል።

ጸጥታው የት ነው ታዲያ? ሞልቶ ተርፎ! ግን ነጩ ላይ ነው። ምልክቱ ላይ ሲ የሚል ፊደል በነጭ ሰሌዳ የተጻፈባቸው የኮሚዩን (የመንደር አስተዳደር) መንገዶች አሉ፤ በ1:200,000 የሚሽላን ካርታ ላይ ቀይም ቢጫም ያልተቀቡት ቀጫጭኖቹ ነጮች። በጠርዛቸው አረንጓዴ መስመር የተሳለባቸውን አይታችሁ አትጎምጁ። አረንጓዴው «ውብ መልክዓ ምድር» ማለት ነው፤ ኦገስት ላይ ሲተረጎም «የካምፕ መኪና ሰልፍ» ይሆናል። ካርታው ላይ በመንገዱ መስመር የተሳሉት ቀስት መሳይ ምልክቶች የዳገቱን አቅጣጫ ያሳያሉ፦ አንዱ ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለቱ ከ9 እስከ 13፣ ሦስቱ ከ13 በላይ። ሦስት አይቶ «እንሞክረው» የሚል ሰው ማርሹን አስቀድሞ ይቁጠር።

የስልኩን የካርታ አፕ ተዉት። የብስክሌት መንገድ አውጣልኝ ሲሉት ወይ አቋራጭ ብሎ ትራክተር ወደሚሄድበት የእርሻ መንገድ ይሰዳችኋል፣ ወይ «የተነጠፈ» ብሎ የቀድሞ ብሔራዊ መንገድ ላይ ይጥላችኋል። ነጭ የተባለውም ቢሆን ሁሉም አስፋልት አይደለም። ከሳተላይት ምስል ላይ አጉልታችሁ እዩ፦ መሃሉ ላይ የሣር መስመር ካለ በቀጭን ጎማ አይኬድም፤ ቀለሙ ከጎኑ ካለው እርሻ ካልተለየም እንደዚያው።

መንገድ ስታወጡ ከድልድዩ ጀምሩ! ሰው ሁሉ መንደር ከመንደር ሲያገናኝ ይውልና መጨረሻ ላይ ወንዝ ይገጥመዋል። እንደ ሎትና ዶርዶኝ ያሉ ወንዞች ድልድያቸው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ የአካባቢው መኪና በሙሉ እዚያው ይታጎራል። ድልድዩን መጀመሪያ ምረጡ፣ ከቀትር እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ተሻገሩት፤ ፈረንሳይ በዚያ ሰዓት ምሳ ላይ ናት፣ መንገዱም ይተነፍሳል። ከዚያ ከድልድዩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ነጩን ሳቡት። ካርታው ላይ ቀይ የተቀባውን ዋና መንገድ ማቋረጥ ግድ ከሆነ ቀጥ ብላችሁ ተሻግራችሁ ወዲያ ማዶ ውጡ እንጂ «ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» ብላችሁ አብራችሁት እንዳትሄዱ። ሰው የሚጎዳው እዚያች ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ምሳሌ ይፈለጋል? ከፊዣክ ወደ ካኦር አቅጣጫ ስትሄዱ የሎትን ወንዝ የሚከተለው ዲ662 አለ። በበጋ ሴን-ሲር-ላፖፒ የሚባለውን መንደር ሊያይ የመጣ ጎብኚ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ከጎኑ ባለው በሴሌ ወንዝ ሸለቆ ደግሞ ዲ41 በማርሲያክ በኩል አድርጎ እስከ ካብረሬ ይወርዳል፤ ከፊዣክ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ገደሉ አንዳንድ ቦታ ከራሳችሁ በላይ ይንጠለጠላል፣ ቁልቁለቱም ለስላሳ ነው። ሁለቱም ዲ ናቸው! «ዲ ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ከሸለቆው ወጥታችሁ «ኮስ» ወደሚባለው ደረቅ አምባ ከወጣችሁ ግን ውሃ ሙሉ አድርጋችሁ ውጡ። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡን ውጦ ወደ ታች ይሰደዋል፤ ላይ ላይ ምንጭ ብሎ ነገር የለም።

ስለ ፍጥነትና ስፋት ደግሞ እናስላ። ከከተማ ውጭ መሃሉ በአጥር ባልተከፈለ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ከጁላይ 2018 ጀምሮ ወሰኑ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ2019 መጨረሻ የወጣው ሕግ ደግሞ ዴፓርትማዎቹ በመረጧቸው መንገዶች ላይ ወደ 90 እንዲመልሱት ፈቀደ። ምልክት የሌለባት 3 ሜትር ስፋት ያላት ነጭ መንገድም ያው 80 ናት፤ ቀልድ ይመስላል አይደል? ብስክሌት የሚቀድም መኪና ከመንደር ውጭ 1.5 ሜትር፣ መንደር ውስጥ 1 ሜትር መራቅ አለበት። መኪናው 1.8 ሜትር፣ ክፍተቱ 1.5፣ እናንተ 0.6፦ ድምሩ 3.9። መንገዱ 3። በሕጉ መሠረት ሊቀድማችሁ አይችልም ማለት ነው፤ ሕጉን እያሰበ የሚነዳ ግን ስንቱ ነው? የእርሻ በር ስታገኙ ገባ ብላችሁ አሳልፉት። ጠርዙን ታክካችሁ መሄድ ግን «ይበቃል፣ እለፍ» ብሎ መጋበዝ ነው።

መንደር ውስጥ ደግሞ ከቀኝ የሚመጣ ቅድሚያ አለው፣ ምልክት ባይኖርም። ቢጫ አልማዝ ቅርጽ እስካላያችሁ ድረስ በቀኝ ካለችው ጠባብ መንገድ የሚወጣው ትራክተር ጌታችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ደም ማፍያ፣ ወደ ግራቪዮን! የገጠሩን አስፋልት የሚጠግኑት ሬንጅ ረጭተው ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠጠር በትነውበት ነው። መኪና እየረገጠ እንዲያስገባው ይተዉታል፣ የተረፈውን በኋላ ይጠርጉታል። ሥራው ሙቀትና ደረቅ አየር ስለሚፈልግ የሚሠራው በበጋ ነው፤ ልክ ብስክሌተኛው በሚወጣበት ሰሞን። በመኪና ጎማ ሁለቱ መስመሮች ላይ ጠጠሩ ይገባል፣ በመሃልና በመታጠፊያው ውጫዊ ጠርዝ ላይ ግን እንደ ሽምብራ ተቆልሎ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ የጎማውን መስመር ይዛችሁ ሂዱ፣ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሱ፣ ብስክሌቱን ሳታጋድሉ ዙሩ። እያጋደሉ የፊት ፍሬን የነካ ሰው ጠጠሩን በክርኑ ይለቅመዋል። ካለፋችሁ በኋላም ቁሙ። እያንዳንዱን ጎማ ቀስ እያላችሁ እያዞራችሁ በጥፍር ለቅሙት። ሬንጅ የነካው ስለታም ጠጠር ጎማው ላይ ተጣብቆ ይቆይና 10 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ነው ወደ ውስጥ የሚበሳው። በየመንደሩ ጎሚስታ የለም፤ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ትንሽ ፓምፕ ያዙ። 32 ሚሊ ሜትር ጎማ ላለው 75 ኪሎ ሰው 4 ባር ይበቃል፤ ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል የምትነፉት ለማን ደስ እንዲለው ነው?

«መንገድ ዝግ ነው» የሚል ሰሌዳ ካጋጠማችሁም ቢጫውን የማዞሪያ ቀስት አትከተሉ፤ እሱ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ ቀጥታ ወደ ትልቁ መንገድ ይወስዳችኋል። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ የተዘጋው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ ይጽፋል። ከዚያ በፊት ሌላ ነጭ መንገድ ካለ እሱን ያዙ። የአስፋልት ሥራ ከሆነ ገፍቶ ማለፍ ይቻል ይሆናል፣ ድልድይ ከሆነ ግን ተመለሱ።

ውሃ ካለቀ መካነ መቃብር ግቡ። አዎ፣ ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ ግን አበባ የሚያጠጡበት ቧንቧ በሩ አጠገብ አለ፣ «አይጠጣም» የሚል ካልተለጠፈበት ቅዱ። ምግቡ ነው የባሰው። የመንደር ዳቦ ቤት ከ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ተዘግቶ እስከ 10 ሰዓት አካባቢ ይጠፋል፤ እሑድ ከሰዓት ጭራሽ የለም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾመው እንኳ ባጌቱ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ስለሆነ ይመቸው ነበር፤ ክሯሳኑ ግን ቅቤ ነው፣ አትታለሉ። ብዙዎቹ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ሙሉ ቀን ይዘጋሉ። ቀኑ በሩ ላይ በትንሹ ተለጥፏል፤ ለማንበብ ግን 15 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ በሩ ድረስ መድረስ አለባችሁ።