ነዳጅ በጥድፊያ አይቀዳም

በፎርሙላ ዋን ውድድር መሀል ነዳጅ መቅዳት ከቀረ ቆየ። ከ2010 ጀምሮ መኪኖቹ ለሙሉ ውድድር የሚበቃቸውን ነዳጅ ይዘው ይነሳሉ፤ ፒት (ከትራኩ ዳር ቡድኖቹ መኪናቸውን የሚያስተናግዱበት ቦታ) የሚገቡት በዋናነት ጎማ ለመቀየር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ግን "ይመለስ" የሚለው ጥያቄ ሞቶ አያውቅም። በ2015 የስፖርቱ የስትራቴጂ ቡድን ነዳጅ መቅዳት በ2017 እንዲመለስ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወጪው ታየና ተጣለ። ከዚያ ወዲህም መኪኖቹ ከበዱ፣ ውድድሩ አሰልቺ ሆነ በተባለ ቁጥር ይኸው ወሬ ይነሳል።

እኔ አይመለስ ከሚሉት ወገን ነኝ። ምክንያቴ ቤንዚን ተቀጣጣይ መሆኑ ብቻ አይደለም። ያንንማ ማን ያጣዋል። በየከተማው ማደያ በየቀኑ ስንት ሺህ መኪና ይቀዳል፤ አብዛኛው ሰው ቀድቶ፣ ከፍሎ በሰላም ይሄዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ነዳጁ ከሰዓት ጋር እሽቅድምድም ሲገባ ነው። ቶሎ የቀዳ ቡድን ደረጃ የሚያሻሽል ከሆነ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ለደህንነት ተብሎ የተቀመጠውን ነገር ለሰከንድ ሲል ይነካዋል። ይሄ ግምት አይደለም። ሆኗል።

ጁላይ 31 ቀን 1994፣ ጀርመን፣ ሆክንሃይም። የቤኔቶን ቡድን ሹፌር ዮስ ቨርስታፐን፣ የአራት ጊዜ ሻምፒዮኑ የማክስ አባት፣ በ15ኛው ዙር ፒት ገባ። መኪናው ቆመ። ጎማ ቀያሪዎቹ ተረባረቡ። ነዳጅ ቀጂው ቱቦውን ታንኩ አፍ ላይ ሰካ። ሊያላቅቀው ሲል ግን ቫልቩ አልተዘጋም። ቤንዚኑ በግፊት ወጥቶ ዙሪያውን ተረጨ።

ለአንድ ሁለት ሰከንድ ምንም አልሆነም። ቪዲዮውን ቀስ አድርጎ ለሚያይ ሰው ከሁሉ የምትከብደው ያቺ ጊዜ ናት። ነዳጁ የሹፌሩ ሄልሜት ላይ፣ የመካኒኮቹ ልብስ ላይ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ ሲወርድ ይታያል። ሰዎቹ ገና አልገባቸውም። ከዚያ የጋለውን ብረት አገኘና ቦግ አለ። መኪናውም ሰዎቹም ነበልባሉ ውስጥ ጠፉ።

እሳቱ የጠፋው በጥቂት ሰከንድ ነው። ቨርስታፐን ንፋስ ለማግኘት የሄልሜቱን መስታወት ከፍቶ ስለነበር ፊቱ ተቃጠለ። በርካታ መካኒኮችም ተቃጠሉ። የሞተ ሰው የለም። ያተረፋቸው እሳት የሚቋቋመው ልብሳቸውና ማጥፊያ ይዘው አጠገባቸው የቆሙት ጓደኞቻቸው ናቸው።

ምርመራው የደረሰበት ነገር ግን ከእሳቱ ይልቅ ያሳስባል። ከመቅጃ መሣሪያው ውስጥ ፊልትሮው ተነስቶ ተገኘ። ፊልትሮው የተቀመጠው ባዕድ ነገር ገብቶ ቫልቩን እንዳይዘው ነው። ሲነሳ ግን ነዳጁ ቶሎ ይወርዳል፤ የዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን ስሌት ልዩነቱን 12.5 በመቶ አድርሶታል። ቡድኑ ፊልትሮው መነሳቱን አልካደም። እሳቱ በዚያ ምክንያት ተነሳ መባሉን ግን ተከራከረ። ጉዳዩ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ታይቶ ያለ ቅጣት አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ መሣሪያ ለሁሉም ቡድኖች አንድ ዓይነት ነበር። ኢንተርቴክኒክ የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ ነው የሚያቀርበው። በሰከንድ 12 ሊትር ያህል ይቀዳል፤ 60 ሊትር በ5 ሰከንድ ማለት ነው። አንድ ዓይነት የተደረገው በቀጂ ፍጥነት ማንም ማንንም እንዳይበልጥ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ከዚያው ዕቃ ውስጥ የምትላጭ ሰከንድ ተፈለገች። ቴክኖሎጂው ይሻሻል፣ ቱቦው ይጠንክር፣ ልብሱ ይወፍር የሚሉኝ ሰዎች ይህን ታሪክ ደግመው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

አሜሪካኖቹም የራሳቸው ጠባሳ አላቸው። በ1964 የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ኤዲ ሳክስና ዴቭ ማክዶናልድ ቤንዚን በተቀጣጠለበት አደጋ ሞቱ። ያ የደረሰው ትራኩ ላይ እንጂ ፒት ውስጥ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ቤንዚን ተትቶ ሜታኖል ቦታውን ያዘ። ሜታኖል በውሃ ይጠፋል፤ ትልቅ ጥቅም ነው። መጥፎነቱ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ1981 በዚያው ኢንዲያናፖሊስ ታየ። ሪክ ሜርስ ለመቅዳት ቆመ። ቱቦው በደንብ ሳይገጥም ነዳጁ ፈሰሰና ተያያዘ። ተመልካቹ የሚያየው እሳት የለም። የሚያየው ከመኪናው ዘሎ ወርዶ እጁን የሚያራግብና የሚንፈራገጥ ሰው ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት የሚሸሹ የሚመስሉ መካኒኮች። እንዲያጠፋለት የጠበቀው ሰው የቱን እንደሚያጠፋ አያይም። በመጨረሻ እሳት ማጥፊያ ይዞ የደረሰለት የገዛ አባቱ ቢል ሜርስ ነው። ሪክ ፊቱ ተቃጥሎ አፍንጫው በቀዶ ጥገና ተስተካከለ። የዚህን ውድድር ዋንጫ በድምሩ 4 ጊዜ ወስዷል፤ ሦስቱን ከዚህ አደጋ በኋላ።

ከዚያ ወዲህ የኢንዲ መቅጃ ቱቦዎች ተሻሻሉ። በ2007 ውድድሩ ወደ ኢታኖል ገባ። ዛሬ የኢንዲካር (ኢንዲያናፖሊስ 500 ያለበት የአሜሪካ ሻምፒዮና) ፒት ስታዩ ቱቦው እንደተነቀለ የታንኩ አፍ አካባቢ ውሃ ይረጫል። ፈስሶ የቀረ ነዳጅ ካለ ታጥቦ እንዲሄድ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ግን የተቃጠለ ሰው ያስተማረው ነው።

ወደ ፎርሙላ ዋን ልመለስ። እሳት ብቻ አይደለም ጣጣው። ቱቦው ሰው ላይ፣ መኪናው ላይ የሚጠመጠምበት ጊዜም አለ። በ2000 በስፔን ሚካኤል ሹማኸር ቱቦው ሳይነቀል ተለቀቀና የፌራሪው ዋና መካኒክ ናይጅል ስቴፕኒ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። በ2008 ኦገስት በቫሌንሲያ የፌራሪው ኪሚ ራይኮነን ቱቦው ሳይወጣ ተነሳ፤ ነዳጅ ቀጂው እግሩን ተጎዳ። ወር ብዙም ሳያልፍ እዚያው ቡድን ውስጥ ያው ነገር ተደገመ።

ሲንጋፖር ነበር፤ የስፖርቱ የመጀመሪያው የማታ ውድድር። ፌሊፔ ማሳ እየመራ ነው። የደህንነት መኪና (አደጋ ሲኖር ተወዳዳሪዎቹን በዝግታ የሚመራው) ወጥቶ መሪዎቹ በአንዴ ፒት ገቡ። ፌራሪ ያን ጊዜ "ሂድ" የሚለውን ምልክት በሰው ዱላ ሳይሆን በመብራት ነበር የሚሰጠው። በዚያች ቅጽበት መብራቱን ሰው በእጁ ነበር የሚቆጣጠረው። አረንጓዴው በራ። ማሳ ተነሳ። ቱቦው ግን ከመኪናው ጋር ተነስቶ እንደ ጅራት እየተጎተተ፣ ነዳጅ እየረጨ፣ አንድ መካኒክ ጥሎ ሄደ። ማሳ ፒቱ መውጫ ላይ ቆመ። ቀይ የለበሱት ልጆች ያንን ሁሉ መንገድ ሮጠው ሄደው ቱቦውን ታግለው አወጡት። ማሳ 13ኛ ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫውን በ1 ነጥብ ለሉዊስ ሃሚልተን አጣ።

ሰዎች ይህን ቀን የሚያስታውሱት በጠፋችው ነጥብ ነው። እኔ የማስታውሰው የወደቀውን መካኒክ ነው። ያ ሁሉ የተረጨ ነዳጅ አንዲት ፍንጣሪ አለማግኘቱ ዕድል ነው እንጂ የማንም ብልሃት አይደለም።

ዕድሉ በሚቀጥለው ዓመት ብራዚል ላይ አልሠራም። ኢንተርላጎስ፣ ገና የመጀመሪያው ዙር። ሄኪ ኮቫላይነን ቱቦውን እየጎተተ ከፒት ማቆሚያው ወጣ። ከኋላው የሚመጣው ራይኮነን ነው። ነዳጁ የራይኮነን መኪና ላይ ተረጨና እሳት ያዘው። ጥቂት ሜትሮች እየነደደ ሄዶ ጠፋለት። ሰውየው ዝም ብሎ ውድድሩን ቀጥሎ 6ኛ ወጣ። ያ ውድድር ነዳጅ መቅዳት ሊቀር አንድ ብቻ ሲቀረው የተካሄደ ነው።

ታዲያ ፎርሙላ ዋን ይህን ሁሉ አይቶ ነው ያስቀረው? አይደለም። በ2008 ዲሴምበር ላይ ውሳኔው ሲነገር የመጣው ከወጪ ቅነሳ እርምጃዎች ጋር ነው። እነዚያን ከባድ መቅጃዎች በየአህጉሩ ማጓጓዝ ውድ ነበር። ሆክንሃይም ያላስቀረውን የጭነት ሒሳብ አስቀረው። ይሄ ለኔ ያማል። በገንዘብ ምክንያት የቀረ ነገር ገንዘብ ሲገኝ ይመለሳል፤ ስፖርቱ ደግሞ ዛሬ ገንዘብ አላጠረውም። በሰው ምክንያት ቢቀር ኖሮ ዛሬ ይመለስ ብሎ ለመጠየቅ ቢያንስ ያፍሩ ነበር።

ይመለስ የሚሉት ሰዎች ምክንያት የላቸውም አልልም። ከ2019 ጀምሮ ለአንድ ውድድር የተፈቀደው ነዳጅ 110 ኪሎ ነበር። ያንን ሁሉ ተሸክሞ የሚነሳ መኪና ይከብዳል፤ ጎማ ይበላል። ነዳጅ በሚቀዳበት ዘመን ደግሞ ድንቅ ብልሃት አይተናል። በ2004 ፈረንሳይ ላይ ሹማኸር 4 ጊዜ ቆሞ ተፎካካሪውን ፈርናንዶ አሎንሶን አሸነፈ። ማንም ያላሰበው ነገር ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ያ ዘመን መቀዳደሙን ከትራኩ አውጥቶ ፒት ውስጥ አስገባው። ተፎካካሪህን መሪ ይዘህ ከመታገል ይልቅ፣ ቱቦ የያዘው ልጅ እንዲያስቀድምህ ትጠብቃለህ። ያ ልጅ ነው እንግዲህ ሁሉንም የሚሸከመው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን የቸኮለው አለቃ ሆኖ ቀንዱን የሚነክሰው ሠራተኛው ነው። ሹፌሩ ሚሊዮኖች ይከፈለዋል፣ አደጋውንም መርጦ ገብቷል። መካኒኩ ደሞዝተኛ ነው። ስሙን እንኳ የሚያውቀው የለም።

ያለ ነዳጅ መቅዳት የማይሆኑ ውድድሮች አሉ፤ እነሱን ተዉ አልልም። የፈረንሳዩ የሌ ማን ውድድር 24 ሰዓት ነው። የትኛው ታንክ ይበቃል? ግን እንዴት እንደሚያደርጉት ተመልከቱ። መኪናው ቆሞ ሲቀዳ ሞተሩ መጥፋት አለበት። አዲስ አበባ ማደያ ውስጥ "ሞተር ያጥፉ" የሚለውን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የሚያውቀውን ያህል ቀላል ሕግ ነው። ፎርሙላ ዋን ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ሞተሩ እየጮኸ፣ ማርሚታው እየጋለ ነበር የሚቀዳው። በአንዳንድ የጂቲ (የስፖርት መኪኖች) ውድድሮች ደግሞ ፒት ውስጥ የሚቆዩበት ትንሹ ጊዜ በሕግ ተወስኗል። ቀድመህ ብትጨርስም ሰዓቱ እስኪሞላ አትወጣም። ስለዚህ ፊልትሮ የሚያነሳ ሰው ምንም አያተርፍም። በአሜሪካኖቹ ናስካር ውድድር ውስጥ እስከ ዛሬ ሰው 40 ኪሎ የሚጠጋ ጆግ ትከሻው ላይ አድርጎ እየሮጠ ይቀዳል፤ እሱ የሚታየኝ እንደ ምሳሌ ሳይሆን እንደ ሥጋት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪኖች ውድድር የሆነው ፎርሙላ ኢም በ2025 ጅዳ ላይ መሀል ውድድር ባትሪ መሙላት ሲጀምር ይኸው ገብቶታል። መኪናው በ600 ኪሎዋት 30 ሰከንድ ይሞላል። የሚሞላው ለሁሉም እኩል ነው። ከ30 ሰከንዱ ላይ መላጨት አይቻልም። ቤንዚን ባይሆንም ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የያዘ ሰው አጠገብ ጥድፊያ እንዳይኖር ተደርጎ ነው የተሠራው።

ስለዚህ ፎርሙላ ዋን የግድ ይመልሰው ከተባለ፣ ሞተር ይጥፋ፤ ትንሹ የመቆሚያ ሰዓት ለሁሉም እኩል ይወሰን፤ ነዳጅ ሲቀዳ ጎማ አይነካ። ይህን ስል "ታዲያ ምኑ ይጥማል?" የሚለኝ ብዙ ነው። እውነቱን ነው። ነዳጅ መቅዳቱ የሚጥመው አደገኛ ሲሆን ብቻ ከሆነ ግን ይቅር። በ2023 ኳታር ላይ ማክላረን አራት ጎማ በ1.80 ሰከንድ ቀይሯል። ያንን ያየ ሰው ፒት ውስጥ ምን ጎደለው?

በ2015 ያንን ሐሳብ ያቀረበው ስብሰባ ላይ የተቀመጡት የፌዴሬሽኑ፣ የንግድ መብቱ ባለቤቶችና የ6 ቡድኖች ተወካዮች ነበሩ። ነገሩ እንደገና ከተነሳ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በ1994 እና በ2009 መካከል ያን ቱቦ በእጃቸው የያዙ ሰዎች ተጠርተው ይጠየቁ። ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹም እዚያው ስፖርት ውስጥ ይሠራሉ።